አንድ ድምፅ ብቻ ነበረህ

…ከማማው ሥር ሆኜ የሚታየኝ እግርህ ብቻ ነበር። የተሰነጣጠቀው ተረከዝህ፣ የሽርጥህ ጫፍ፣ በርብራቡ ክፍተት የሚወርደው ገለባ። ፊትህን አላየውም። ድምፅህ ግን ከላይ ይነሳል፣ በማሽላው ራስ ላይ ይሄዳል፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ጉብታ ጋር ይጋጭና ከፍ ብሎ ይመለሳል። መጀመሪያ ዝቅ፣ ቀጥሎ ከፍ። ሆ። ከዚያ ሄይ። ግሪሳ ወፉ እንደተራገፈ ጨርቅ ከእሸቱ ላይ ብድግ ይላል። እኔም ጆሮዬን ከማማው ቋሚ ጋር አጣብቄ፣ እንጨቱ ውስጥ የሚሄደውን…

አይ። ከዚህ አይጀመርም።

አባዬ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለያየን ይህ ሦስተኛው የማሽላ ወቅት ነው። በወር ብቆጥረው ሌላ ቁጥር ይወጣል። አንተ ግን የሁላችንንም ዕድሜ የምትቆጥረው በማሽላ ነበር፤ እኔን «ግሪሳው እሸቱን የጨረሰ ዓመት የተወለደችው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ባንተው ቆጠራ ይሁን።

የምጽፍልህ በኖታ ወረቀት ላይ ነው፤ አምስት አምስት መስመር እየተደረገ የተሰመረ ወረቀት። ለፊደል አይመችም። ፊደሉ በሁለት መስመር መሀል ይጣበቅና ከፍ ማለት ይሁን ዝቅ ማለት ግራ ይገባዋል። ግን እጄ ለምዶታል፤ ደግሞም አንተ ማንበብ ስላልተማርክ በየትኛውም ወረቀት ብጽፍልህ ያው ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

እማ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ሰው ፊት ግን አታነክስም። በጓሮ የተከልከው ማንጎ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። ጥቂት ነው። እማ ለጎረቤት ስታከፋፍል ቆይታ ለእኛ አንድ ቀረን፤ እሱንም ለሁለት ከፍለን በላነው። ጣፋጭ ነው አልን። ትንሽ ይኮመጥጥ ነበር፤ ሁለታችንም አልተናገርነውም።

ቡናማው ሽርጥህ የሙዚቃ ኪቦርዴን ይሸፍናል። ያለበስኩት እኔ አይደለሁም። ኪቦርዱን ወደ ቤት ያመጣሁ ሰሞን እማ ሰው ምን ይላል ብላ ነበር፤ መንዙማ ሲወርድበት በኖረ ቤት ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ብላ ሁለት ቀን እዚያ ክፍል አልገባችም። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽርጥህ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶበት አገኘሁት። አቧራ እንዳይገባበት ነው አለች። 

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ የሰጡኝ አንተ በሕይወት ሳለህ ነው። የሒሳብ መምህርት ነሽ፣ ኖታም ያው ቁጥር ነው ተብዬ። ስነግርህ የሳቅከው በትከሻህ ነበር። ድምፅህ ያን ጊዜ ሄዷል።

ይህን ነው ልነግርህ የፈለግሁት። እየዞርኩት ነው።

ድምፅህ ካንተ ሁለት ወር ቀድሞ ሄደ። ጉሮሮህን ነው አሉን። በመጨረሻ በዓይንህና በጣትህ ብቻ ነበር የምታወራን፤ ውኃ ስትፈልግ አንድ ጣት፣ ወደ ፀሐይ ስትፈልግ ሁለት። በቤቱ የለመድነው ያንን ዝምታ ስለነበር፣ ካለፍክ በኋላ ድምፅህን ልፈልግ ስመለስ መንገዱ ላይ ዝምታው ተቀምጦ አገኘሁት። በስልኬ ያለው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ የተመረቅሁ ቀን የተቀረጸው። አንተ ፎቶ መስሎሃል። ትንፋሽህን ይዘህ፣ ደረትህን ነፍተህ፣ ቀጥ ብለህ ቆመሃል። አሥራ ሁለት ሰከንድ። ከኋላህ ሰው ይስቃል፣ መኪና ያልፋል፣ አንተ ዝም። የሙዚቃ መምህራችን ዝምታም በኖታ ይጻፋል፣ ዝምታም ይቆጠራል ብሎ ባስተማረን ቀን ቤት ገብቼ ያንን ቪዲዮ በእግሬ እየመታሁ ቆጠርኩት። ሦስት ጊዜ አራት። በኖታ አራት ምት አንድ ቤት ይባላል፤ ሙሉ ሦስት ቤት ዝምታ።

ስለ መምህሩ ልንገርህ። ዮናስ ይባላል። ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ የሮቢትን ሙቀት እስከ ዛሬ ያልለመደ፣ እያስተማረ አንገቱን በእርጥብ ፎጣ የሚጠርግ ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት በዋናው መንገድ ዳር ባለች አንዲት አዳራሽ ነው የምንማረው። ተማሪዎቹ አምስት ነን። የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሰናል፤ አሁን መካከለኛው ላይ ነን። የዜማን ሕግ እንማራለን፣ ጆሯችንን እናሠለጥናለን፣ መጨረሻ ላይ እያንዳንዳችን የራሳችንን አጭር ሥራ ጽፈን እናቀርባለን። አንዳንድ ቅዳሜ በሒሳብ ኖሬ ያላገኘሁትን ደስታ እዚያ አገኛለሁ፤ አንድ ድምፅ ከሌላው ጋር ሲገጥም ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ደግሞ ይህ ደስታ የማን ነው፣ ሐዘኔን ትቼ ነው ወይ እላለሁ። ከዚያም ዝም ብዬ እደሰታለሁ።

ጆሮ የምናሠለጥነው እንዲህ ነው። ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያስቀምጠንና ሁለት ድምፅ ይመታል። በመሀላቸው ያለውን ርቀት በጆሯችን ለክተን መናገር አለብን፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ እያልን፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ድምፆቹ ይራራቃሉ። ዘዴም ሰጠን፤ ለእያንዳንዱ ርቀት ከሕይወታችሁ የምታውቁትን ድምፅ ፈልጉ፣ ርቀቱን እንደ ኮት እሱ ላይ ስቀሉት፣ በሰማችሁት ጊዜ ከዚያ ታወርዱታላችሁ አለን። ባጃጅ ነጂው ሙሉጌታ ሦስተኛውን ከደሴ በሚመጣ የአንድ ከባድ መኪና ጡሩምባ ላይ ሰቀለው። ተሳስቶ አያውቅም።

እኔ አምስተኛውን ያንተ ጥሪ ላይ ሰቀልኩት። ሆ፣ ከዚያ ሄይ። ከዚያ በላይ የማውቀው ምን አለ?

አባዬ፣ ሁልጊዜ ተሳሳትኩ። ሌላውን አገኛለሁ፤ አምስተኛው ሲመታ አራተኛ ነው እላለሁ። አራተኛው ሲመታ አምስተኛ። አንዳንዴ ስድስተኛም ብያለሁ፤ ያን ጊዜ ሙሉጌታ የሒሳብ መምህርቷ መቁጠር ተሳናት ብሎ ሳቀብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። መምህሩ ታጋሽ ነው። ጆሮሽ ደህና ነው፣ የላላው የሰቀልሽበት ሚስማር ነው አለኝ። ለማጽናናት ያለው ነው።

ሚስማሩ ግን አንተ ነህ።

ከድምፅህ የቀረኝ ያ ጥሪ ብቻ ነው። እሱንም ጆሮዬ በየሳምንቱ ሌላ ርቀት ከሰጠው፣ ምን ያህሉን ይዤዋለሁ? እየረሳሁት ነው ብዬ ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እማ ብትሰማ እሷም መርሳት አለመርሳቷን ትፈትሽ ነበር፤ ያንን ፈተና እሷ እንድትወስድ አልፈለግሁም።

ጥቅምት ሲገባ፣ ማሽላው ወተት ሲቋጥር፣ ወደ ማሳ ጎረቤትህ ወደ እትዬ ዘሃራ ሄድኩ። ከወንዙ ማዶ ያለ ማሳዋ እንደ ድሮው ነው፤ ማማዋም ከጉብታው ሥር እንደቆመ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። አንተ ካለፍክ ወዲህ በጥሪ አትጠብቅም። ቆርቆሮ በዱላ ትመታለች። አስቀያሚ ድምፅ ነው፤ ወፉ ይሸሻል፣ ሰውም ይሸሻል።

አባቴ እንዴት ነበር የሚጠራው ብዬ ጠየቅኋት። ዝቅ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣበትን ልስማው፣ ለትምህርቴ ነው አልኳት። ዱላዋን አስቀመጠችና ሻሿ እስኪወድቅ ሳቀች።

«የምን ላይ መውጣት? ከፍ የሚለው የኔ ነው፣ ፋጡ። አባትሽ አንድ ድምፅ ብቻ ነበረው። የድምፅ ሰነፍ ነበር፤ ሌላውን ሁሉ ለኔ ጥሎ።»

ቁጭ አልኩ። ማሽላው መሀል፣ መሬት ላይ።

ከማማው ሥር ሆኜ የሰማሁት፣ ከጉብታው ጋር ተጋጭቶ የሚመለስ የመሰለኝ፣ የጎረቤትህ መልስ ነበር። አንተ ትጠራለህ፤ ወፉ ካንተ ማሳ ተነስቶ ወደ እሷ ይሄዳል፤ እሷ ትቀበልሃለች፤ ወፉ መሬት ሳይነካ ያልፋል። ሥራው ያ ነበር። እኔ ሁለት ሰው የሠራውን አንድ ሰው ላይ ሰቅዬ ሃያ ስንት ዓመት ኖርኩ። ርቀቱም በየቀኑ ሌላ ነበር። ወፉ የበዛ ዕለት በድምፄ እወጣለሁ አለች እትዬ ዘሃራ፤ የደከመኝ ዕለት እወርዳለሁ፤ ረመዳን ሲሆን ደግሞ ጉሮሮዬ ደርቆ እምብዛም አልነሳም። አንተ ግን ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ድካምም ይሁን ብርታት፣ እዚያው ነህ። ለካ ጥሪውን አራተኛም አምስተኛም ስድስተኛም ማለቴ ሁሉ ልክ ነበር። ያልተሳሳትኩበትን ሁሉ ተሳሳትኩ ብዬ ነበር።

እዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ ቀለለኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። ያንተ የሆነው አንዱ ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ እሱን ብቻውን አውቀዋለሁ?

ለማቅረብ የምጽፈው ሥራ በሁለት ድምፅ እንዲሆን ወሰንኩ። የታችኛውን እኔ፣ የላይኛውን እትዬ ዘሃራ። ስለምናት አላንገራገረችም፣ እሺም አላለችም።

«ድምፁን ካመጣሽው እመልስልሻለሁ» አለች። «ካላመጣሽው ዝም ነው የምልሽ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ቤት ሄጄ ሽርጥህን ከኪቦርዱ ላይ ገፈፍኩ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስነካ ዋልኩ፤ ይሄ ነው፣ አይ ይሄ ነው። እማ ከጓዳ ሆና ታዳምጥ ነበር፤ አንዱ ላይ ስደርስ የምታንቀሳቅሰው ዕቃ ቆመ። የዚያን ቁልፍ ኖታ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት። በማግሥቱ ማማህ ላይ ወጥቼ፣ መምህሩ እንዳስተማረን ትንፋሼን ከሆዴ አንስቼ፣ ጉሮሮዬን ከፍቼ፣ በትክክል አወጣሁት። ሆ። ከማዶ የቆርቆሮ ድምፅ መጣ። ደገምኩት። ቆርቆሮ።

ሁለተኛ ጊዜ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌ ሄድኩ። ቆርቆሮ። ከማሳው ስንመለስ ወንዙ ላይ ተገናኝተን ስለ እማ ጉልበት ብቻ አወራን።  እኔም አልተቀየምኩም፤ ወይም ተቀይሜ ደበቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ወፉ መጣ። ከሰሜን በኩል፣ ከካራቆሬ አቅጣጫ። መጀመሪያ የመንገድ አቧራ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አቧራው ዞረ፣ ወረደ፣ እና የእሸቱ ራስ ሁሉ አንድ ላይ ጎንበስ አለ። አባዬ፣ የእማ የዓመት ቀለብ ነው። መዳፌን አላየሁም። ከሆድም ከጉሮሮም ከየት እንዳወጣሁት አላውቅም፤ ጮህኩ። አንድ ጊዜ። ርብራቡ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

ከማዶ መለሰችልኝ።

ሄይ። ቀጭን ነው፣ አርጅቷል፣ ግን ከፍ ብሎ፣ ከጉብታው በታች። ወፉ ከእሸቱ ተነሳ፣ በወንዙ ላይ አለፈ፣ እዚያም ሳያርፍ ሄደ። ደግሜ ጠራሁ፤ ደግማ መለሰች። ቆርቆሮው ዝም ብሏል። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስንቀባበል ቆየን። ድምፄ እስኪሻክር። ከማማው ስወርድ እየሳቅሁ ነበር መሰለኝ።

ወንዙ ላይ ስንገናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «ዛሬ መዝፈኑን ተውሽው።»

ያንተን ድምፅ ሰምታ ይሁን ወይስ ወፉን አይታ፣ አልጠየቅኋትም። ማሳው ላይ ወፍ ካለ ማንም ቢጮህ ትመልስ ይሆናል። ይህን አስበዋለሁ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አስበዋለሁ፣ ልጆቹ ፈተና ሲሠሩ በመስኮት እያየሁ አስበዋለሁ። ግን አያስጨንቀኝም። እሺ፣ ትንሽ ያስጨንቀኛል።

ሥራውን ጻፍኩት። የላይኛው ድምፅ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደ ቀኑ። የታችኛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ኖታ ነው፤ በመሀሉ ዝምታ አለ፣ ከዚያ ያው ኖታ። መምህሩ አይቶ በቀይ እርሳስ ከበበው። «ይሄ የታችኛው ድምፅ ምን ሥራ አለው?» አለኝ። ትንሽ እንዲንቀሳቀስ አድርጊው፣ ሕጉ ሁለቱም ድምፅ የየራሱ መንገድ ይኑረው ይላል አለኝ። እውነቱን ነው። ታዛዥ ተማሪ ነኝ፤ ቤት ገብቼ አንቀሳቀስኩት። አማረ። እማ እንኳን ከጓዳ ሆና ይሄ ደስ ይላል አለች። ግን አንተ ከማማው ወርደህ በማሽላው መሀል የምትሽከረከር ሆንክብኝ። በማግሥቱ ላጲስ አንስቼ ወደ ቦታህ መለስኩህ። መምህሩ ድጋሚ አየው፣ አንገቱን ጠረገ፤ እንግዲህ አቅርቢውና ሲሰማ እንፈርዳለን አለ። ሥራው ካላለፈ ወደ ሦስተኛው ደረጃ አልገባም። አውቃለሁ።

አምስተኛውን አሁን አልስተውም። የአዳራሹ የብረት በር ላይ ሰቅዬዋለሁ። በሩ ሲዘጋ ማጠፊያው ከላይ ወደ ታች ልክ አምስተኛ ይወርዳል፤ ዘይት አይቶ ስለማያውቅ አይለዋወጥም። ሙሉጌታ ይሄንንማ እኔ ነበርኩ ማግኘት የነበረብኝ ብሎ ቀናብኝ። ያንተን ጥሪ ከሚስማሩ አወረድኩት። ምንም አይሰቀልበትም። እንደ ልቡ ይሁን።

ቃል የምገባልህ ስለ ድምፅህ አይደለም፤ ድምፅህን በልኩ ይዤዋለሁ ብል ዋሾ እሆናለሁ። ቃሌ ይህ ነው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ማማህ ላይ እወጣለሁ። ከወንዙ ማዶ የሚቀበለኝ እስካለ እጠራለሁ፤ የሚቀበለኝ ባይኖርም እጠራና እሷ የምትመልስበትን ያህል ቆጥሬ እጠብቃለሁ። እግርህን አልረሳም። የተሰነጠቀውን ተረከዝህን፣ የሽርጥህን ጫፍ። እዚያው መሆንህን አልረሳም።

ይህን የመጨረሻውን ገጽ የምጽፈው ከአዳራሹ ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ከወዲሁ ጀምሯል። ሙሉጌታ አቅርቦ ወጥቷል፤ ወጥቶ በቀጥታ ሄዶ እትዬ ዘሃራን ከመንደር በባጃጅ አመጣልኝ። መንገዱን ሙሉ ስታማርር ነበር አለኝ፤ ማማ ላይ ስትወጣ የማትፈራ ሴት ባጃጅ ፈራች ብሎ ይስቃል። የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኔ ተቀምጣ የምጽፈውን ታያለች። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

አሁን ገና በበሩ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ ባዶ ወንበሮቹን፣ መምህሩን፣ ኪቦርዱን።

«አዳራሽ ውስጥ ወፍ የለም እኮ» አለች።

የለም አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለት ይሁን እምቢ፣ አልለየሁትም። መምህሩ ስሜን ጠራ። እትዬ ዘሃራ ከእኔ ቀድማ ተነሳች፣ ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ እኔን ሳታይ ገባች፤ ቤቷ ስትገባ እንደለመደችው በሩን ከኋላዋ ሳበችው።

ተዘጋ፤ ማጠፊያው ከላይ ወደ ታች አምስተኛውን ወረደ። ልከተላት ነው።